ስታይል ፓሮዲ ምንድን ነው?

ስለ ጠፋ የስልክ ቻርጀር ዘፈን እንሥራ። በዝግታ፣ በፒያኖ ብቻ ይጀምራል። ድምፃዊው ትንፋሹ እየተሰማ፣ እንባው ዓይኑ ጫፍ ላይ የደረሰ መስሎ «ትናንት ማታ እዚህ ነበርክ» ይላል። ሁለተኛው አንጓ ላይ ከበሮው ይገባል፣ አዝማቹ ላይ ቫዮሊኖቹ ይነሣሉ። ሊያልቅ ሲል መሣሪያው ሁሉ ዝም ይልና ዜማው ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ ያኔ ድምፃዊው ባለ በሌለ ድምፁ «ሁለት ፐርሰንት ቀረኝ!» ብሎ ይጮኻል።

ዜማው የማንም አይደለም፤ አሁን ያወጣነው ነው። ሆኖም የሰማው ሁሉ ገና ፒያኖው ሲጀምር «ይሄማ ያ የመለያየት ዘፈን ነው» ማለቱ አይቀርም። ስታይል ፓሮዲ የሚባለው ይህ ነው፦ የማንንም ዜማ ሳይነኩ የአንድን ዘፋኝ ወይም የአንድን የሙዚቃ ዓይነት አዘፋፈን፣ ቅንብርና አባባል ለቅሞ አዲስ ሥራ መሥራትና በዚያ ማሳቅ።

ተራው ፓሮዲ ሌላ ነው። እዚያ የታወቀ ዘፈን ይወሰድና ዜማው እንዳለ ሆኖ ግጥሙ ብቻ ይቀየራል። ሰሚው ዜማውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ቀልዱ ቶሎ ይገባዋል፤ ግማሹን ሥራ ዋናው ዘፈን ሠርቶለታል። ስታይል ፓሮዲ ላይ ግን ዜማውም ግጥሙም ቅንብሩም ከባዶ ይጻፋል፤ ተጽፎ ሲያልቅ ደግሞ የሌላ ሰው እጅ ሥራ መምሰል አለበት። ለእኔ የኮሜዲ ሙዚቃ ትልቁ ሙያ እዚህ ላይ ነው። የሚጨበጨብለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራው ፓሮዲ ነው።

«ዊርድ አል» ያንኮቪች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አኮርዲዮን ተጫዋቹን አሜሪካዊ ዓለም ያወቀው የታወቁ ዘፈኖችን ግጥም እየቀየረ ሲዘፍን ነው። ከ1983 እስከ 2014 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 14 የስቱዲዮ አልበሞች አውጥቷል። የአልበሞቹን ዝርዝር ረጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ግማሽ ያህሉ የራሱ ድርሰት መሆኑን ያስተውላል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ስታይል ፓሮዲ ናቸው።

በ1985 ያወጣው «ዴር ቱ ቢ ስቱፒድ» የተሠራው በዴቮ ባንድ አካሄድ ነው። የኦሃዮዎቹ ዴቮዎች ሙዚቃቸው እንደ ማሽን የሚንቀጠቀጥ፣ ሲንተሳይዘሩ የሚቆርጥ፣ አዘፋፈናቸው ትእዛዝ የሚሰጥ የሚመስል ነው። ያንኮቪች ይህን ሁሉ ወሰደ፣ ከዘፈኖቻቸው ግን አንዱንም አልወሰደም። በላዩ ላይ ሰው የለመዳቸውን ምክሮች፣ አባባሎችና የማስታወቂያ መፈክሮች እየገለበጠ ደረደረበት። አድርጉ የተባለውን አታድርጉ፣ አታድርጉ የተባለውን አድርጉ እያለ በዚያው በትእዛዝ ድምፅ ይቀጥላል። የዴቮው ማርክ ማዘርስባው ዘፈኑን ሲሰማ እንደደነገጠና ከሰማው ሁሉ ያማረ እንደነበር ተናግሯል፤ ጨምሮም በቀልድ ለዚህ እንደሚጠላው ገልጿል። አንድ ሙዚቀኛ የራሱ ድምፅ በሌላ ሰው እጅ አምሮ ሲመለስለት እንዲህ ቢሰማው አይገርምም።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው በ2003 የወጣውን «ቦብ» የተባለውን ነው። የሚመስለው አሜሪካዊውን ዘፋኝና ግጥም ደራሲ ቦብ ዲላንን ነው፦ በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ፣ ሃርሞኒካው፣ ትርጉሙ ባይያዝም ጥልቅ ነገር የሚናገር የሚመስለው የስንኝ ጎርፍ። አሁን ግጥሙን ልብ ብላችሁ ስሙ። እያንዳንዱ ስንኝ ከፊትም ከኋላም ቢነበብ አንድ ነው። በእኛ ፊደል «ውሃው» የሚለውን ቃል ገልብጣችሁ አንብቡት፤ ያው «ውሃው» ነው። እሱ ይህንን በቃል ሳይሆን በሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ያውም ቤት እያስመታ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠራው። ርዕሱ ራሱ በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደዚያው ነው።

ቀልዱ የት እንዳለ አስተውሉ። ተገልብጦ እንዲነበብ ተብሎ የተሠራ ዐረፍተ ነገር ትርጉሙ መወላገዱ አይቀርም። ያንን የተወላገደ ነገር በዲላን ድምፅ ሲዘፍነው ግን ሰሚው ምሥጢር ያለበት ቅኔ የሰማ ይመስለዋል። ስለ ዲላን አንዲት የነቀፋ ቃል አልተናገረም። ድምፁና ሃርሞኒካው ብቻ ምን ያህል እንድናምን እንደሚያደርጉን አሳየን። ይህን ለማድረግ ዲላንን ለዓመታት መስማት፣ መስማት ብቻም ሳይሆን መውደድ ያስፈልጋል። የማይወዱትን ሙዚቃ የሚኮርጁ ሰዎች ሥራ ወዲያው ይታወቃል፤ ጊታሩ ግድየለሽ ነው፣ ከበሮው ርካሽ ነው፣ ቀልዱ «ይሄ ሙዚቃ ደደብ ነው» ከማለት አያልፍም።

በኢንተርኔት ካደጉት የኮሜዲ ሙዚቀኞች ደግሞ አሜሪካዊው ቦ በርንሃም አለ። በ2006 የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ከመኝታ ክፍሉ ዘፈኖቹን ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመረ። በ2016ቱ የመድረክ ዝግጅቱ በስታዲየም የሚዘፈነውን የአሜሪካ ካንትሪ (የገጠር) ሙዚቃ አስመስሎ የሚዘፍንበት ቦታ አለ። የአፈር መንገዱን፣ ጂንስ ሱሪውን፣ ቀዩን ፒክአፕ ይደረድራል። ከዚያ ቃሉን ራሱን መናገር ትቶ የቃሉን ዓይነት መጥራት ይጀምራል፤ ስምና ቅጽል እያለ እንደ ሰዋስው መጽሐፍ ይዘፍናል፣ ዜማው ግን ምንም አልተናጋም። የሚተቸውም ገበሬውን ሳይሆን ገበሬ መስለው የሚነግዱትን ሀብታም ዘፋኞች መሆኑን በግልጽ ይናገራል። በ2021 ደግሞ ብቻውን አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ በሠራው ፊልም ስለ ኢንተርኔት የሚዘፍነው በመዝናኛ ድንኳን በር ላይ ቆሞ ሰው የሚጠራ ትርዒት አቅራቢ ሆኖ ነው። ፒያኖው ግቡ ግቡ ይላል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ መሐል ላይ ለስልሶ ያባብልና እንደገና ይሮጣል። ለምን ያን ስታይል እንደመረጠ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሌሊት ስልኩን ማስቀመጥ ያቃተው ሰው ሁሉ ያንን ጥሪ ያውቀዋል።

ሕጉ ላይ ብዙ አልቆይም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 የንግድ ፓሮዲም ቢሆን በፍትሐዊ አጠቃቀም (የሌላን ሰው ሥራ ያለ ፈቃድ መጠቀም በሚፈቅደው የቅጂ መብት ደንብ) ሊጠበቅ እንደሚችል ወስኗል፤ ያንኮቪች ግን ለተራ ፓሮዲዎቹ ባለቤቶቹን ፈቃድ የመጠየቅ ልማድ አለው። ስታይል በመሠረቱ የማንም ንብረት አይደለም። ድንበሩ ግን ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም፤ በ2015 አንድ የአሜሪካ ዳኝነት ጉባኤ የዘፋኙን የማርቪን ጌይን ሥራ ገልብጠዋል ባላቸው ሙዚቀኞች ላይ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ሲፈርድ፣ የተወሰደው ዘፈን ነው ወይስ ስሜት ብቻ የሚለው ክርክር ሙዚቀኞችን ለሁለት ከፍሏል። የተከሰሰው ዘፈን የቀልድ ሥራ አልነበረም፣ ጥያቄው ግን ለኮሜዲ ሙዚቀኞችም ይመለከታል።

ስታይል ፓሮዲ ለዚህ ዘመን ይበልጥ የሚመች ይመስለኛል። ተራው ፓሮዲ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዘፈን ይፈልጋል፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ዝርዝር በየጆሮው ይሰማል። የአንዱን ዘፈን የሌላው ሰምቶት ላያውቅ ይችላል፤ የመለያየት ዘፈን እንዴት እንደሚያለቅስ ግን ሁለቱም ያውቃሉ። ባያውቁም ችግር የለም፣ ዋናው ሥራ እዚያው ስልካቸው ላይ አለ።

እንዲያውም አሰማሙን እንዲህ ብታደርጉት ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ስታይል ፓሮዲውን ብቻ ስሙና ሳቁ። ቀጥሎ የዴቮን ወይም የዲላንን ሁለት ሦስት ሥራዎች ሳትቸኩሉ ስሙ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱና በዚህኛው ዙር ግጥሙን ተዉት፤ ባሱ የት እንደሚያርፍ፣ ድምፃዊው የትኛውን ቃል እንደሚጎትት፣ ሃርሞኒካው ስንኝ አልቆ የት ላይ ጣልቃ እንደሚገባ ስሙ።