ተርማል ትሮትሊንግ ምንድን ነው? ቦይንክ የሚሠራ ላፕቶፕ ለምን ይግላል፣ ለምንስ ይዘገያል?

ቦይንክ (ኮምፒውተራችንን ለሳይንስ ስሌት የሚያውለው ሶፍትዌር) የተከፈተበት ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በ3.5 ጊጋኸርዝ ሲሮጥ ይቆይና፣ ማንም ሳይነካው ወደ 2 ጊጋኸርዝ ሊወርድ ይችላል። ፋኑ ይጮኻል፤ ከኪቦርዱ በላይ ያለው ቦታ እጅ ያቃጥላል። ይህ የፍጥነት መውረድ ተርማል ትሮትሊንግ ይባላል። የፕሮሰሰሩ ሙቀት የተወሰነለት ጣሪያ ላይ ሲደርስ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከጉዳት ለማዳን ፍጥነቱንና የሚወስደውን ኃይል በራሱ የሚቀንስበት አሠራር ነው። በብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጣሪያው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የኤኤምዲዎቹም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሙቀቱ ያንንም አልፎ ከሄደ ማሽኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

እንግዲህ ትሮትሊንግ ብልሽት አይደለም፤ ቫይረስም አይደለም። የሚያሳስበው ላፕቶፑ ቀኑን ሙሉ እዚያ ጣሪያ ላይ ሲውል ነው።

ቦይንክ የበጎ ፈቃደኞችን ኮምፒውተሮች ለሳይንስ ስሌት የሚያሰባስብ ሶፍትዌር ሲሆን የተሠራው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ነው። እዚያው የተጀመረው ሴቲ አት ሆም እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2020 ድረስ ከሕዋ የመጡ የሬዲዮ ሞገዶችን በየሰው ቤት ኮምፒውተር ሲያስመረምር ቆይቷል። አይንስታይን አት ሆም ፑልሳር የሚባሉትን ከዋክብት ያስሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ አዲስ ፑልሳር በበጎ ፈቃደኞች ማሽን ተገኝቷል። ሮዜታ አት ሆም ደግሞ የፕሮቲኖችን ቅርጽ ያሰላል። አራት ኪሎ አንድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ እንዲህ ባለ ሥራ ድርሻ ሊኖረው መቻሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የቤቱ ብቸኛ ኮምፒውተር ነው፤ መመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈውም፣ ሥራ የሚፈለገውም በእሱ ነው። ለሳይንስ ሲባል መጎዳት የለበትም፤ መጎዳትም አያስፈልገውም።

ብሮውዘር ስንከፍት ወይም ጽሑፍ ስንተይብ ፕሮሰሰሩ ለአፍታ ይሮጥና ያርፋል። የላፕቶፕ ማቀዝቀዣም በአብዛኛው የሚሠራው ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው። ቦይንክ ግን ሁሉንም ኮሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ጎን ለጎን የሚያሰሉትን ክፍሎች) ያለ እረፍት ለሰዓታት ያሠራል። ሙሉ ጭነት ይዞ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ አይሱዙን አስቡ፤ ሜዳ ላይ ምንም ያልነበረው ሞተር ዳገቱ መሐል ሲደርስ ይግላል።

«አዲስ አበባ ብርድ ናት፣ እዚህ ላፕቶፕ አይግልም» ሲባል እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ቀትር ላይ እንኳ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ይህ ለማቀዝቀዣ ጥሩ መነሻ ነው። ሆኖም ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ወደ ሩብ ያህል ያንሳል። ፋኑ በአንድ ዙር የሚያስወጣው ሊትር ያው ነው፤ በዚያ ሊትር ውስጥ ያለው አየር ግን ስስ ነው። ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ያ አየር ነው። በሌላ አነጋገር ቅዝቃዜው የሚሰጠንን ጥቅም የአየሩ ስስነት በከፊል መልሶ ይወስድብናል። በዚያ ላይ የበጋው አቧራና የመሐል ከተማው ግንባታ አለ። አቧራው በፋኑና ሙቀቱን በሚበትነው ብረት (በሂትሲንኩ) መካከል ተነባብሮ መውጫውን ሲዘጋ፣ አምና በደህና ይሠራ የነበረ ማሽን ዘንድሮ ትሮትል ማድረግ ይጀምራል።

ከዚህ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ፕሮሰሰሩ ተገዶ ከመቀነሱ በፊት እናንተው ቀንሱለት። ነገሩ በስሌት ይታያል። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ የሚወስደው ኃይል በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይደለም የሚያድገው፤ በቮልቴጁ ስኩዌርም ይባዛል። ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብትቀንሱና ቮልቴጁ አብሮ በ10 በመቶ ቢወርድ፣ ኃይሉ የቀድሞው 65 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ከሥራው አንድ አምስተኛውን ሰጥታችሁ ከሙቀቱ ከሲሶ በላይ ታስወግዳላችሁ። ቀድሞውንም ትሮትል ሲያደርግ የኖረ ማሽን ከሆነ ደግሞ የምታጡት ሥራ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ያንን የላይኛውን ፍጥነት መጀመሪያም አልያዘውም ነበርና።

ዊንዶውስ ላይ ይህን የሚያደርገው በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ያለው «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» ነው። 100 የሚለውን 99 ብታደርጉት በብዙ ላፕቶፖች ላይ ተርቦ ቡስት (ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚሮጥበት አሠራር) ይጠፋል፤ ብዙውን ሙቀት የሚያመጣው ደግሞ ተርቦው ነው። በአንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ይህ ምርጫ ተደብቆ ይገኛል። ያን ጊዜ ወደ ቦይንክ ራሱ ሂዱ። ኮምፒውቲንግ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ሁለት የሚመሳሰሉ ቁጥሮች አሉ። አንዱ ስንት በመቶ የሚሆኑትን ሲፒዩዎች (እዚህ ላይ ኮሮቹን ማለት ነው) ይጠቀም የሚል ነው፤ ሌላው ስንት በመቶ የሲፒዩ (የፕሮሰሰሩ) ጊዜ ይጠቀም ይላል። የመጀመሪያውን ቀንሱ፤ 50 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው። ሁለተኛው ሥራውን ለጥቂት ሰከንድ አቁሞ እንደገና በማስጀመር ስለሚሠራ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፋኑም አብሮት ይጮኻል፣ ዝም ይላል። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር እኔ 100 ላይ እንዲቆይ እመርጣለሁ። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ጂፒዩውና (የምስል ፕሮሰሰሩና) ሲፒዩው አንድ ማቀዝቀዣ ስለሚጋሩ፣ ቦይንክ በጂፒዩ እንዳይሠራ ማድረግም ለብቻው ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ኮምፒውተሩ በባትሪ ሲሠራ ቦይንክ እንዲቆም የሚያዘው ምልክት እንዳለ አረጋግጡ። መብራት በሄደ ቁጥር ባትሪው ስሌት ሲሠራበት ማለቅ የለበትም፤ ሊቲየም ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀውም ሙቀት ነው። ሥራው ይጠፋል ብላችሁ አትስጉ፤ አብዛኞቹ ፕሮጀክቶች የደረሱበትን በየጊዜው ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጡ መብራት ሲመጣ ከዚያው ይቀጥላሉ። ላፕቶፑ አልጋ ወይም ጋቢ ላይ አይቀመጥ፤ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ከኋላው በሁለት መጽሐፍ ከፍ ቢል ከታች አየር ያገኛል።

ለውጡን ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው የሙቀት መከታተያ ፕሮግራም ተመልከቱ፤ ነፃ ነው፣ ትሮትሊንግ ካለም «የስ» ብሎ ያሳያል። ሊኑክስ ላይ «ሴንሰርስ» የሚለው ትእዛዝ ሙቀቱን ያሳያል። ቦይንክ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ በታች ከቆየ መልካም ነው። ኮሮቹን በግማሽ ቀንሳችሁም 95 ላይ ከቆመ ግን ጉዳዩ የሴቲንግ አይደለም፤ ማሽኑ ተከፍቶ መጽዳት አለበት። ፒያሳ ወይም መርካቶ ያለ ቴክኒሽያን ጋ ስትወስዱት አቧራውን ብቻ ሳይሆን ቴርማል ፔስቱንም (በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) እንዲቀይር ንገሩት፤ በብሎወር ሲነፋም ፋኑ በነፋሱ ኃይል እንዳይሽከረከር በጣቱ ይያዘው።