ለመጀመሪያ የባቡር ሽርሽር፦ ከለቡ እስከ ድሬዳዋ

ባቡር ላይ ቁጭ ብሎ ተራራና ሐይቅ ማየት ለሚፈልግ፣ እኛ ዘንድ ያለው መስመር አንድ ነው፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር። ለመጀመሪያ ጉዞ ግን ድሬዳዋ ድረስ ይበቃል። ወደ ጅቡቲ መቀጠል ፓስፖርት ይጠይቃል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1886 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ለስዊዛዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የግንባታ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሳ። ሐሳቡ ሐረርን መንካት ነበር፣ ተራራው ግን ከበደ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረና በ1895 ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ይህ አያከራክርም። ከዚያ ሐዲዱን የሚሠራው ኩባንያ ከሰረ፣ በሌላ ኩባንያ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። ያኔ ባቡሩ በቀን ብቻ ስለሚሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። የለገሃር ጣቢያ በ1922 ተመረቀ። በጣሊያን ጊዜ ሊቶሪና የምትባለው ባለ ሞተር የመንገደኛ ባቡር መጣች። በሶማሊያ ወረራ ድልድዮች ፈረሱ። ቀስ በቀስም አሮጌው ባቡር ቆመ።

አዲሱ ባቡር በ2009 ተመረቀ፣ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል። የመንገደኞች መነሻ ለቡ ነው። ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸውና ቀደም ብሎ መነሳት ይሻላል። ሰዓቱም ስለሚቀያየር ትኬት ሲቆርጡ ደግመው ይጠይቁ። እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው። ከዚያ በኋላ ነጠላ ስለሆነ፣ ከፊት የሚመጣ ባቡር እስኪያልፍ ቆም ማለት ሊያጋጥም ይችላል።

ወንበር ከተገኘ በስተቀኝ፣ በመስኮት በኩል። ቢሾፍቱ አካባቢ ዝቋላ የሚታየው በዚያ በኩል ነው፤ 2,989 ሜትር፣ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም። የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን ከእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ስለተኙ ለመስኮት አይመቹም። ሆራን፣ ባቦጋያን ለማየት ወርዶ አንድ ሌሊት ማደር ነው። ከአዳማ በኋላ የቦሰት ተራራም በቀኝ ነው።

መተሐራ ሲቃረቡ ነገሩ ይገለበጣል። ፈንታሌ በግራ ይቆማል፤ ግርጌው ላይ እሳተ ገሞራው የተፋው ጥቁር ድንጋይ ተቆልሏል። በ2017 ዓ.ም. አካባቢውን ያንቀጠቀጠው የመሬት መንቀጥቀጥ የዚሁ ሰፈር ነው። በሰቃ ሐይቅም እዚሁ ነው። በ1950ዎቹ ትንሽ ኩሬ ቢጤ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። አንዳንዶች የመስኖ እርሻው ትርፍ ውሃ ነው ይላሉ፣ ሌሎች ከመሬት ስር የሚመጣ ፍል ውሃ ነው ይላሉ። ምናልባት ሁለቱም። ውሃው ጨዋማ ነው፤ የድሮውን ሐዲድና የመኪናውን መንገድ አስቸግሯል።

አዋሽ ላይ መውረድ የሚሻ ፓርኩ አለለት፤ ቀንደ ረጅሙ የዱር እንስሳ ሳላ የሚታየው እዚያ ነው። ለበረሃው ቀለል ያለ ልብስና ውሃ ይያዙ፤ ለቡ ላይ የለበሱት ሹራብ እዚህ ሸክም ነው።

ድሬዳዋ ሲደርሱ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ይርቃል። ቀድሞ መታየት ያለበት ግን ከዚራ ሰፈር ያለው የድሮው ጣቢያ ነው። ፊቱ ላይ የድርጅቱ ስም በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተጽፏል፤ ግቢው ውስጥ ያሉት አሮጌ ባቡሮችና ጋራዡ የስንቱን የእጅ ሙያ ይናገራሉ። ጊዜ ከተረፈ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ሐረር መሄድ ነው። በመንገዱ ላይ የሐረማያ ሐይቅ ያገኛችኋል። ደርቆ የነበረው ሐይቅ በቅርብ ዓመታት ውሃ ይዟል።