ጫኝና አውራጅነት እና የወገብ ጉዳት

ጫኝና አውራጆች የሚሸከሙት ሸክም ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፦ የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ፣ ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል እህል ደግሞ 100 ኪሎ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአንድ አዋቂ ወንድ ሸክሙ ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም የሸክም ልክ ስሌት የሚነሣው ከዚህም ዝቅ ብሎ፣ ሁሉም ነገር ተመቻችቶ ሳለ፣ ከ23 ኪሎ ነው።

ክብደቱ ብቻውን ግን ነገሩን አይገልጸውም። በዚሁ ስሌት ሸክሙ ከቁርጭምጭሚት 25 ሳንቲሜትር ርቆ ሲያዝ 23 ኪሎ የነበረው ልክ፣ ርቀቱ 50 ሳንቲሜትር ሲሆን ወደ 11.5 ይወርዳል። ከመሬት ሲነሣ ሩብ ያህሉ ይቀነሳል፤ ወገብ 90 ዲግሪ ሲጠማዘዝ ደግሞ ሌላ 29 በመቶ። ስለዚህ «ጉልበትህን እጠፍ» ብሎ ከመምከር በፊት የሸክሙን ቦታ ማስተካከል ይሻላል። ከረጢቱ መሬት ላይ ከሚወርድ ባዶ ፓሌቶችን (ዕቃ የሚደረደርባቸውን የእንጨት ርብራቦች) እስከ 75 ሳንቲሜትር አነባብሮ በላዩ መደርደር፣ መኪናውን ወደ መጋዘኑ በር አስጠግቶ ማቆም፣ ለረጅም ርቀት የእጅ ጋሪ መጠቀም ያዋጣል። ሲዞሩም በእግር እንጂ በወገብ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚረሱት አሸካሚዎቹ ናቸው። ተሸካሚው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እነሱ ግን ኩንታሉን ከመሬት አንሥተው ትከሻው ላይ ለማውጣት በየዙሩ ጎንበስ ቀና ይላሉ፣ ይጠማዘዛሉ። ቦታ መቀያየር ያስፈልጋል፤ ክፍያው በኩንታል ሲቆጠር ግን ማንም ለመቀያየርም ለማረፍም ጊዜ አያገኝም። ኮንጎ ወይም ነጠላ ጫማ አድርጎ በእርጥብ መወጣጫ ጣውላ ላይ መውጣትም የተለመደ የመውደቂያ ምክንያት ነው።

ወገብን በቀበቶ ወይም በጨርቅ ማሰር ጉዳትን እንደሚከላከል በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ያው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ይህንኑ ገልጿል። ጧት ከእንቅልፍ እንደተነሡ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ዲስክ ውኃ ቋጥሮ ስለሚያብጥ የመጀመሪያው ሰዓት ለጎንበስታ አይመችም፤ ከባዱ ጭነት ትንሽ ቆይቶ ቢጀመር ጥሩ ነው።

ቀላል ሕመም ከሆነ ለቀናት ከመተኛት ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ይረዳል። ሕመሙ ወደ እግር ወርዶ እግር ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ ሐኪም ይየው፤ ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸት ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። በብሽሽት አካባቢ መደንዘዝ ወይም ሽንት አልወጣ ወይም አልቆጣጠር ማለት ከታየ ግን ሳይታደር በዚያው ቀን ሆስፒታል መግባት ያስፈልጋል።