ረዳት አብራሪ ማለት ምን ማለት ነው?

«ረዳት» የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስበው ከጭነት መኪና ወርዶ ጎማ ሥር ድንጋይ የሚያስገባውን፣ ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲመልስም «ና፣ ና፣ በቃ» እያለ የሚመራውን ወጣት ነው። ሥራው የተከበረ ሥራ ነው፤ መሪ ግን አይጨብጥም። ሰሞኑን እዚህ አሜሪካ አንድ የወገናችን ልጅ በአንድ ሪጅናል አየር መንገድ በረዳት አብራሪነት መቀጠሩን ሲያበሥር፣ አንድ አስተያየት ሰጪ ልጁ ገና ተማሪ እንደሆነ፣ የሚያበረውም ካፒቴኑ ሲደክም ብቻ እንደሆነ፣ ለተሳፋሪውም ይኸው እንደሚሻል ጽፎ አነበብሁ። ይህን አባባል በተለያየ መልኩ ደጋግሜ ስለሰማሁት በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም፤ አዳዲስ ረዳት አብራሪዎችን በበረራ ላይ እየተከታተልሁ ማብቃት የዕለት ሥራዬ ነውና።

በአሜሪካ ሕግ፣ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ በመንገደኞች አየር መንገድ በቀኝ ወንበር የሚቀመጠው ረዳት አብራሪ ካፒቴኑ የያዘውን ዓይነት የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድና ለሚያበረው አውሮፕላን ዓይነት የሚሰጠውን ልዩ ማረጋገጫ መያዝ አለበት። ፈቃዱን ለማግኘት በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል፤ በአቪዬሽን የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው በ1,000፣ ከጦር ኃይል የመጣ ደግሞ በ750 ሰዓት የተገደበ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። ብዙዎቹ ልጆቻችን ይህን ሰዓት የሚሞሉት በትንንሽ አውሮፕላን ሌሎችን እያስተማሩ ነው። ስለዚህ «ተማሪ» የተባለው ልጅ ከመቀጠሩ በፊት ምናልባት አስተማሪ ነበር።

ማን ያበርራል ለሚለው ጥያቄ ከመኪናው ረዳት ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ የማሕሌት ሥርዓታችን ነው። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል። የሚቀበለው ወገን በዚያ ሰዓት አያርፍም፤ ዜማውን እኩል ያውቀዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ይጠብቃል፣ መሪው ከዜማው ቢወጣ መጀመሪያ የሚሰማው ጆሮ የእሱ ነው። በኮክፒት (በአብራሪዎቹ ክፍል) ውስጥም እንደዚሁ፣ በተለመደው አሠራር፣ አንዱን ጉዞ ካፒቴኑ ካበረረ ቀጣዩን ረዳት አብራሪው ያበርራል፤ መነሣቱም ማረፉም የእሱ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ካፒቴኑ ሬዲዮውን ይይዛል፣ ቼክሊስት ያነባል፣ መሣሪያዎቹን ይከታተላል። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ፤ ማን ቢያበርም የመጨረሻው ውሳኔና ኃላፊነት የካፒቴኑ ነው፤ በማሕሌት የተሳተ ዜማ ከመነሻው ሊደገም ይችላል፣ ከመሬት 200 ጫማ ከፍታ ላይ የተሳተ ፍጥነት ግን ለመደጋገም ጊዜ አይሰጥም።

አስተያየት ሰጪው ምናልባት ሰዓቱ ያነሰ አብራሪ አደገኛ ነው ማለቱ ይሆናል። የ1,500 ሰዓቱ ሕግ የወጣበትን ምክንያት እንመልከት። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 የኮልጋን አየር መንገድ በረራ 3407 ቡፋሎ አቅራቢያ ወድቆ በአውሮፕላኑ የነበሩት 49 ሰዎችና መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። ኮንግረስ ሕጉን በቀጣዩ ዓመት አጸደቀ። ነገር ግን በዚያ አውሮፕላን ላይ ካፒቴኑ 3,379፣ ረዳት አብራሪዋ ደግሞ 2,244 ሰዓት ነበራቸው፤ ሁለቱም በኋላ ከወጣው መስፈርት በላይ ነበሩ። ሰዓት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ እኔም ባለ ብዙ ሰዓት አብራሪ ከጎኔ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። ሰዓት ግን ሰው ያየውን ጮክ ብሎ ለመናገር መድፈሩን አይለካም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ላይ የነበረው ወጣት ረዳት አብራሪ 361 ሰዓት ብቻ እንደነበረው በውጭ አገር ብዙ ተጽፎ ነበር፤ አንዳንዱ ጽሑፍ ከዚህ ቁጥር ሌላ የሚለው አልነበረም። የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርቱን ያነበበ ሰው ግን የጭራውን የኤሌክትሪክ ማስተካከያ መቁረጥ እንደሚያስፈልግ ሁለት ጊዜ ጠርቶ የተናገረው ማን እንደሆነ ያገኛል፤ ረዳት አብራሪው ነው፤ ካፒቴኑም ተስማማ። ይህ የአደጋውን መነሻ አይለውጠውም፤ ማስተካከያውን በተሳሳተ መረጃ ይገፋ የነበረው የአውሮፕላኑ ሥርዓት ነበር። ትክክለኛው ቃል ግን ከቀኝ ወንበር ወጥቷል።

የሙያችን ትልቁ ጉዳይም ይኸው ቃል ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከ1978 እስከ 1990 (እ.ኤ.አ.) የደረሱ 37 ከባድ አደጋዎችን መርምሮ በ1994 ባወጣው ጥናት፣ በ31ዱ አደጋዎች ላይ አንዱ አብራሪ የሌላውን ሥራ በበቂ ሁኔታ ሳይከታተል ወይም ስሕተቱን ፊት ለፊት ሳይሞግት መቅረቱን አግኝቷል። በአብዛኞቹ አደጋዎች ላይ መሪውን ይዞ የነበረውም ካፒቴኑ ነው። እንግዲህ ተሳፋሪው ልጁ ማብረሩን ከሚፈራ ይልቅ ካፒቴኑ ሲያበር ልጁ ዝም እንዳይል ቢመኝ ይሻለዋል። ሙያው ራሱ ቀድሞ «የማያበረው አብራሪ» ይለው የነበረውን ሰው አሁን «የሚከታተለው አብራሪ» ብሎ የሚጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ስም ሥራን ያስተምራል፤ «ረዳት» የሚለው ስም ደግሞ መታዘዝን ብቻ ስለሚያስተምር ነው የሚያስጨንቀኝ።

በእኛ ቤት ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ሲናገር አያቋርጥም፣ ሲሳሳትም በሰው ፊት አያርመውም። ይህ አስተዳደግ በብዙ ቦታ ያስመሰግናል፤ በኮክፒት ውስጥ ግን ልጁ ለይቶ ማስቀመጥ የሚኖርበት ነገር ነው፤ ከበረራው ቴክኒክ ይልቅ ይህ ሲከብዳቸው አይቻለሁ።

አዲስ መሆን ምንም ልዩነት የለውም እንዳልባል፣ ሕጉ ልዩነቱን በሚገባ ያውቀዋል። በዚያ አውሮፕላን ዓይነት ከ100 ሰዓት በታች የበረረ ረዳት አብራሪ፣ እንደ እኔ አዳዲሶችን የሚያበቃ ካፒቴን አብሮት ከሌለ፣ የጎን ነፋሱ ከ15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲበልጥ፣ መንደርደሪያው በረዶ ሲለብስ፣ እይታ በጣም ሲያንስ ወይም ድንገተኛ የነፋስ ለውጥ ሲነገር መነሣቱንና ማረፉን ካፒቴኑ ይወስደዋል። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱም በዚያ አውሮፕላን ዓይነት 75 ሰዓት ሊኖረው ይገባል። እነዚህ ገደቦች ሥራውን እንዲለምድ የተበጁ ናቸው፤ መናገሩን የሚገድብ ግን አንድም አንቀጽ የለም።

ባለፈው ክረምት አንድ አማርኛ ተናጋሪ ወጣት በኤምብራየር 175 ላይ ከእኔ ጋር ነበር፤ ከሲሙሌተር (ከበረራ መለማመጃው) ከወጣ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ያን ጉዞ የማበረው እኔ ነበርሁ። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ከፍ አድርጎ ስላቆየን ዘግይተን ወረድን፤ 1,000 ጫማ ላይ ስንደርስ ፍጥነታችን ከሚገባው 17 ኖት ይበልጥ ነበር። ልጁ «አልተረጋጋም» አለ፤ አውሮፕላኑ ለማረፍ በሚገባው ፍጥነት ላይ አይደለም ማለቱ ነው። እኔ እያረምሁ መሆኔን ነገርሁት፤ ፍጥነቱ እየወረደ ስለነበር ይደርሳል ብዬ ነበር። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለ፤ ከዚያ ዓይኑን ከፍጥነት መለኪያው ሳያነሣ «ጎ አራውንድ» አለ፤ ማረፉ ይቅር፣ እንደገና እንነሣ ማለት ነው። በእኛ አሠራር ይህ ቃል ከየትኛውም ወንበር ቢወጣ የሚያበረው ሰው አይከራከርም። ጉልበት ሰጥቼ አፍንጫውን አነሣሁ፤ እሱ ፍላፑን (የክንፉን ተዘርጊ ክፍል) ቀነሰ፣ ጎማውን ሰበሰበ፣ ለማማው በተረጋጋ ድምፅ ነገረ። በሁለተኛው ሙከራ ደኅና አረፍን።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ በመካከላችን ከእንግሊዝኛ በስተቀር አንድም ቃል አልተነገረም። ሞተሩ ከጠፋና መንገደኞቹ ወርደው ካለቁ በኋላ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ፣ «ካፒቴን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር እንዳላየሁበት ነገርሁት፤ የሚቀጥለውንም ጉዞ እንዲያበር ለእሱ ሰጠሁት።