ሶሌታና ክረምት፦ የቤት ኮንክሪትን ከውሃ መከላከል

ሐምሌ ላይ ኮርኒሱ ቢጫ ካርታ ሲያወጣ፣ የባለቤቱ የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የትኛው ኬሚካል ይሻላል?» ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ውሃው በየት እንደገባና መውጫ ለምን እንዳጣ ማወቅ ይቀድማል።

ሠራተኛው በአጭሩ «ዋተር ፕሩፍ» የሚለው ሥራ ሶሌታን (ጠፍጣፋውን የኮንክሪት ጣሪያ)፣ በረንዳን፣ የመታጠቢያ ቤት ወለልን፣ የግቢ ደረጃንና የመሠረት ግድግዳን ውሃ እንዳያሰርጉ ማድረግ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ዘመን ጉዳዩ ብዙም አያሳስብም ነበር። ከላይ ሶሌታ ያላቸው ጂ ፕላስ ዋኖች (ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች) ሲበዙ ግን የብዙ ሰው ራስ ምታት ሆነ።

ኮንክሪት ሲያዩት ድንጋይ ነው። ውስጡ ግን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ሲሚንቶ ጠጥቶ የሚጠነክርበት ውሃ የክብደቱ 25 በመቶ ገደማ ነው። ለሥራ እንዲመች ከዚያ በላይ ይጨመራል፤ እስከ 50 በመቶ መድረሱ የተለመደ ነው። ትርፉ ውሃ ሲተን ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ቀጫጭን መተላለፊያም ይሆናል። በአካፋ ሲቦካ «ትንሽ አቅጥነው» ተብላ የምትደፋው ባልዲ አለች አይደል? የብዙ ቤት ፍሳሽ የሚጀምረው እሷ ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ ውሃ ማጠጣቱ ይረሳል። አዲስ ኮንክሪት ቢያንስ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ወይም በላስቲክ ተሸፍኖ መቆየት አለበት። ያለዚያ ገና በጠዋቱ ይሰነጣጠቃል።

አዲስ አበባን እንውሰድ። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ሶሌታ በዓመት ከ100,000 ሊትር በላይ ይወርድበታል። ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ አሥር ጊዜ ጣሪያዎ ላይ ተገለበጠ ማለት ነው። በጋው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐዩ ይበረታል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሶሌታው ቀን ይለጠጣል፣ ሌሊት ይኮማተራል። የማይለጠጥ ቀለም ከተቀባ አብሮ ይሰነጠቃል።

ጉዳቱ ኮርኒስ በማበላሸት አያበቃም። ጤነኛ ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ በቀላሉ አይዝግም፣ ሲሚንቶው ይጠብቀዋል። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ይህን ጥበቃ ያዳክማል። ያኔ ውሃ ከደረሰው ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋልና ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ከሶሌታው ሥር ልስን ረግፎ ቡናማ ፌሮ ብቅ ካለ፣ ነገሩ ከቀለም ሥራ አልፏል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከማንኛውም ቆርቆሮ ቀለም በፊት ገንዘብ መውጣት ያለበት ለተዳፋት ነው። ሶሌታ ጠፍጣፋ ቢመስልም በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት። አንዳንዱ ቤት ደግሞ የመውረጃው አፍ ራሱ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይገጠማል። እንዲህ ያለ ሶሌታ ኩሬ ነው፣ ምንም ቢቀቡት ምን። ወለሉና ፓራፔቱ (የጣሪያው ዳር አጭር ግድግዳ) የሚገናኙበት ጥግም በሲሚንቶ ተሞልቶ ክብ መደረግ አለበት። ስል ጥግ ላይ የተነጠፈ ነገር ቶሎ ይቀደዳል።

ወደ ማቴሪያሉ ስንመጣ፣ ሬንጅ ጥንታዊው ነው። በዛሬዋ ፓኪስታን የሚገኘው የሞሄንጆ ዳሮ ታላቅ መታጠቢያ ከ4,000 ዓመታት በፊት ውሃ እንዳያሳልፍ በሬንጅ ተለብጧል። ዛሬ ለሶሌታ የሚነጠፈው ጥቅል ሜምብሬን፣ ማለትም የሬንጅ ምንጣፍ፣ የዚያው ዘር ነው። ውፍረቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን በጋዝ እሳት እየተለበለበ ይጣበቃል። አንዱ በሌላው ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደረባል፣ ፓራፔቱንም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ላዩ ጠጠር ያልተረጨበት ከሆነ ፀሐይ ያደርቀዋልና በልስን ወይም በሌላ ነገር ይሸፈናል። የሚቀቡት አክሪሊክና ፖሊዩሬቴን ለሥራ ቀላል ናቸው፤ አክሪሊኩ ግን የረጋ ውሃ አይወድም። ኤፖክሲ የሚባለው ቅብ ፀሐይ ላይ ቢጫ ስለሚሆን ለጋራዥ ይሻላል።

መታጠቢያ ቤት ሌላ ታሪክ ነው። ሴራሚክ ራሱ ውሃ ባያሳልፍም መጋጠሚያው ያሳልፋል። መከላከያው ከሴራሚኩ ሥር መቀባት አለበት። ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል፤ የላይኛው ጎረቤት ሲታጠብ የታችኛው ይዘንብበታል፣ ከዚያ ኩርፊያ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፦ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት መውረጃውን ደፍኖ ውሃ መሙላትና 24 ሰዓት ከታች ማየት።

ለግቢ ወለልና ደረጃ ሳይሌንና ሲሎክሴን የሚባሉ ሰርጎ ገቦች አሉ። ላዩ ላይ ቆዳ አይሠሩም። ቀዳዳው ውስጥ ገብተው ውሃን ይገፋሉ፣ እንፋሎት ግን ያሳልፋሉ። ስንጥቅ አይደፍኑም። ሚኒያፖሊስ ወይም ቶሮንቶ ቤት ለገዛ ወገን እነዚህ የግድ ይመስሉኛል። እዚያ ውሃ ኮንክሪቱ ውስጥ ወደ በረዶ ሲለወጥ 9 በመቶ ገደማ ይለጠጣል፣ ለበረዶ የሚረጨው ጨው ሲጨመርበት የመኪና መግቢያው ላይ ላዩን ይላጣል።

የመሠረት ግድግዳ የሚታከመው ከአፈሩ በኩል፣ ገና ሳይደፈን ነው። ከውስጥ የተቀባ ተራ ቀለምን ውሃው ከኋላ ገፍቶ ያሳብጠዋል። ግድግዳ ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት ከታየ ውሃ እየተመላለሰ ነው።

የሚቀባው ኮንክሪት መድረቁን ለማየት 45 ሳንቲ ሜትር በ45 የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በሚጣበቅ ፕላስተር አሽጎ ለ16 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መተው ነው። ከሥሩ ካላበ ገና ነው። አዲስ ኮንክሪት አብዛኛውን ጊዜ 28 ቀን ይጠበቃል። ደህናው ወቅት ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ሰው የሚሯሯጠው ግን ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ እርጥብ ላይ የተቀባው ነሐሴ ሳይደርስ ይላጣል። ለግንቦት ተገቢው ሥራ መጥረጊያ ይዞ ሶሌታው ላይ መውጣትና ቅጠሉን፣ የእርግብ ጎጆውን፣ ከታንከሩ ሥር የተረሳውን አሸዋ ከመውረጃው አፍ ማንሳት ነው።