«የመጨረሻው ማይል» ምንድን ነው?

ጎንደር፣ አዘዞ ያለችው አክስቴ ግቢ ከገባችሁ፣ ከመንገዱ ምሰሶ እስከ ቤቷ ክዳን የተዘረጋ ቀጭን ጥቁር የስልክ ገመድ ታያላችሁ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተደግፎታል። ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ወደ ምዕራብ የዞረ ዲሽ አለ፤ ናይልሳትን ነው የሚፈልገው።

ባለፈው ቡና ላይ ጠየቀችኝ። «አሜሪካ ያለችው ልጄ ስልኩንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ ኢንተርኔቱንም ለአንድ ድርጅት ነው የምትከፍለው። ደግሞ ዋጋ ሲጨምሩባት ወደ ሌላው እሄዳለሁ ትላቸዋለች። እኛስ?»

መልሱ ያቺ ቀጭን ገመድ ላይ ነው። የቴሌኮም ሰዎች «የመጨረሻው ማይል» ይሏታል። ከሰፈሩ ማከፋፈያ ሳጥን ተነስቶ ደጃፋችን የሚደርሰው መስመር ማለት ነው። ርዝመቱ የግድ አንድ ማይል አይደለም፤ ሃምሳ ሜትርም ሊሆን ይችላል። ግን ከመስመሩ ሁሉ አስቸጋሪው እሱ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚደርሰው ፋይበር (መረጃ በብርሃን የሚሄድበት ቀጭን የመስታወት ክር) ወጪው ለብዙ ሺህ ሰው ይካፈላል። ከምሰሶው እስከ አክስቴ ቤት ያለችው ግን የአክስቴ ብቻ ናት። መቆፈሩም፣ መሰላል ይዞ መውጣቱም ለአንድ ቤት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ብዙው ቤት ሁለት ገመድ ነበረው። አንዱ የስልኩ መዳብ ነው። ሌላው የኬብል ቴሌቪዥን ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1948 አካባቢ የተጀመረው ተራራ ጋርዷቸው ሥርጭት ለማይደርሳቸው ከተሞች ነበር። ጉብታው ላይ አንቴና ተክለው ወደ ሸለቆው ገመድ ጎተቱ። በተራራ መሃል ለምንኖር ለእኛ ይህ ግልጽ ነው።

የስልኩና የኬብሉ ኩባንያዎች ለረጅም ጊዜ በየፊናቸው ኖሩ። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የአሜሪካ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ግን በመሃላቸው የነበረውን አጥር አነሳው። ኬብሉ ስልክና ኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ። የስልኩ ኩባንያ በመዳቡ ላይ ዲኤስኤል፣ ማለትም በስልክ ገመድ የሚመጣ ኢንተርኔት፣ ይዞ መጣ። መዳብ ግን ክፉ ጠባይ አለው፤ ከስልክ ጣቢያው በራቃችሁ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል። የኬብሉ ሰፋ ይላል፤ ነገር ግን ሰፈሩ ስለሚጋራው ማታ ሁሉም ሲከፍት ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ቬራይዘን የተባለው የስልክ ኩባንያ ፋይበሩን እስከ ቤት አስገባና እ.ኤ.አ. በ2005 ቴክሳስ ውስጥ ኬለር በምትባል ከተማ ቴሌቪዥን መሸጥ ጀመረ። ሌላው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ደግሞ በብዙ ቦታ ፋይበሩን ሰፈር ድረስ አምጥቶ፣ የቀረችውን በድሮው መዳብ ጨረሳት። ሦስቱን አገልግሎት በአንድ ሒሳብ መሸጥ የተስፋፋው በዚህ ፉክክር ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የአክስቴን ልጅ ጉልበት የሰጣት ሕጉ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ገመድ አስቀድሞ ደጇ ስለነበረ ነው። ሁለት ብቻ መሆናቸውም ቢሆን ትንሽ ነው። አንድ ከመሆን ግን በጣም ይሻላል።

ጎንደር ውስጥ የኬብል ቴሌቪዥን ገመድ አልተዘረጋም። ቴሌቪዥናችን ከሰማይ ነው የሚመጣው፤ ናይልሳት ከምዕራብ፣ ኢትዮሳት ከምሥራቅ። ስለዚህ ቤት የሚገባው የቴሌኮም ገመድ አንድ ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም። እሱም መዳብ ወይም ፋይበር ይሆናል። ሳፋሪኮም በ2022 በኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር የመጣው በአየር ነው። ሲም የሚገባበት ራውተር ቤት ካስቀመጣችሁ የመጨረሻው ማይላችሁ አየሩ ሆነ ማለት ነው። ቁፋሮ የለም። ግን አንዱን ማማ ከሰፈሩ ስልክ ሁሉ ጋር ትጋራላችሁ።

ለዚህ ነው ዋይፋይ ለማስገባት ስትሄዱ ስለ ዋጋው ብቻ አትጠይቁ የምለው። መስመሩ መዳብ ነው ፋይበር? የሰፈሩ ሳጥን ከቤቴ ምን ያህል ይርቃል? ብላችሁ ጠይቁ።

አክስቴ የእሷ መዳብ መሆኑን አረጋግጣለች። ትናንት ስሄድ ገመዱ ላይ የተደገፈውን ቅርንጫፍ አስቆርጣ፣ ቅጠሉን ለምጣድ ማገዶ አስጥታዋለች።