«ልጅነታችንን አበላሹት» ለሚሉ የፓወር ሬንጀርስ አድናቂዎች

የፓወር ሬንጀርስ ነገር በተነሳ ቁጥር የምሰማት አንዲት አባባል አለች። «ዋናውን አበላሹት።» የሚያወሩት 2017 ላይ ስለወጣው ፊልም ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። አዲስ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ደግሞ ያቺው አባባል እንደገና ትነሳለች። እኔ የቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው የቀረጸውን ስቆርጥና ስቀጥል ነው የምውለው። ለዚያም ይመስለኛል አባባሉ እኔን የበለጠ የሚያናድደኝ። ተከታታዩን እወደዋለሁ። በካሴት እየተዋዋስን፣ ምስሉ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር እየደጋገምን ያየነው ነው። ስለምወደውም የሆነ ያልሆነው ሲወራበት ዝም ማለት አልችልም።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ማይቲ ሞርፊን ፓወር ሬንጀርስ ነሐሴ 1993 አሜሪካ ውስጥ በፎክስ ኪድስ ጀመረ። ኤንጅል ግሮቭ በምትባል ከተማ የሚማሩ አምስት ወጣቶች የዳይኖሰርና የጥንት አውሬ ኃይል ይሰጣቸዋል። ባለቀለም ልብስና ሄልሜት ለብሰው ሪታ ሪፐልሳ ከምትባል ጠንቋይ ጋር ይዋጋሉ። ጭራቁ ሲገዝፍ እነሱም ዞርድ የሚባሉትን ማሽኖቻቸውን አገጣጥመው ትልቅ ሮቦት ያቆማሉ። የ2017ቱ ፊልም ይህንኑ ታሪክ ከዜሮ ጀመረው። ዳይሬክተሩ ደቡብ አፍሪካዊው ዲን እስራኤላይት ነው። የሬንጀሮቹን መሪ ዞርዶንን ብራያን ክራንስተን፣ ሪታን ኤልዛቤት ባንክስ ሆነው ሠሩ።

ቀለል ካሉት ልጀምር።

«ክራንስተን ለገንዘብ ብሎ ነው የገባበት።» ክራንስተን ገና ስሙ ሳይታወቅ፣ በመጀመሪያው ተከታታይ ላይ የጭራቆች ድምፅ ሆኖ ሠርቷል። ከፊልሙ ዋና ዋና ተዋንያን መካከል ከፓወር ሬንጀርስ ጋር የድሮ ትውውቅ ያለው እሱ ነው።

«የድሮዎቹን ረሷቸው።» አልረሷቸውም። በድሮው ተከታታይ አረንጓዴውን ሬንጀር ቶሚን የሠራው ጄሰን ዴቪድ ፍራንክና ሮዟን ኪምበርሊን የሠራችው ኤሚ ጆ ጆንሰን መጨረሻ አካባቢ ሕዝቡ መሃል ቆመው ይታያሉ። በደንብ ያላየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

«ሪታ አረንጓዴ ሬንጀር ሆና አታውቅም፤ ከየት አመጡት?» እውነት ነው፣ በፊልሙ ሪታ የቀድሞ አረንጓዴ ሬንጀር ናት፤ ግን ከዋናው ነው ያመጡት። በድሮው ታሪክ ሰውን አረንጓዴ ሬንጀር የሚያደርገው የኃይል ሳንቲም የነበረው ሪታ እጅ ነው። ቶሚን የእሷ አገልጋይ ያደረገችውም በዚያ ሳንቲም ነው። ሳንቲሙ እሷ ጋር እንዴት ደረሰ? የፊልሙ ጸሐፊ ይህን ጠየቀና መልስ ሰጠ። ለእኔ ከፊልሙ ጥሩ ሐሳቦች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

«ዋናውን አበላሹት።»

ዋናው የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም የ1993ቱን ይጠራል። የ1993ቱ ግን ራሱ እንደ አዲስ የተሠራ ነው። ጃፓን ውስጥ ቶኤይ የሚባለው ኩባንያ ከ1975 ጀምሮ ሱፐር ሴንታይ የሚባሉ ተከታታዮችን ለአሥርት ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ባለቀለም ልብስ የለበሰ ቡድን፣ ጭራቅ፣ ሮቦት። በየዓመቱ ማለት ይቻላል ቡድኑ፣ ልብሱ፣ ታሪኩ ይቀየር ነበር። ሃይም ሳባን እስክንድርያ ተወልዶ እስራኤል ያደገ ነጋዴ ነው። ይህን ጃፓን ውስጥ አይቶ ወደደውና ለዓመታት የአሜሪካ ጣቢያዎችን ሲለምን ኖረ። ሁሉም «ይሄ ምንድነው?» ብለው መለሱት። በመጨረሻ የፎክስ ኪድሷ ኃላፊ ማርጋሬት ሎሽ እሺ አለችው።

ሳባን ያደረገው ነገር ለኤዲተር የሚደንቅ ነው። በ1992 የተሠራውን ዙሬንጀር የሚባል የጃፓን ተከታታይ ፉቴጅ፣ ማለትም የተቀረጸውን ምስል፣ ገዛ። ልብስ ለብሰው የሚዋጉበትን፣ ጭራቁን፣ ሮቦቱን ወሰደ። ልብሱን ሲያወልቁ የሚታዩትን ጃፓናውያን በሙሉ ቆርጦ ጣለ። በምትካቸው ካሊፎርኒያ ውስጥ አሜሪካውያን ወጣቶችን ቀረጸ። ሁለቱን ሰፋቸው። የጃፓኑ ታሪክ ሌላ ነው። እዚያ ያሉት ጀግኖች ከጥንት ዘመን እንቅልፍ የነቁ ተዋጊዎች እንጂ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አይደሉም።

ማስረጃ ለሚፈልግ ስፌቱ በዓይን ይታያል። ሮዟ ሬንጀር ቀሚስ አላት። ቢጫዋ የላትም። ለምን? ጃፓን ውስጥ ቢጫው ወንድ ስለነበረ ነው። ቢጫዋን ትሪኒን የሠራችው ሴት ናት፤ ሄልሜቱ ውስጥ ሆኖ የሚገለባበጠው ግን ጃፓን ውስጥ የተቀረጸው ሰው ነው። የመጀመሪያው ሲዝን ሪታን ደግሞ አፏን ተመልከቱ። ከንፈሯና ድምፁ አይገጥምም። ምስሏ የጃፓናዊቷ ተዋናይት የማቺኮ ሶጋ፣ ድምፁ የአሜሪካዊት ነው። ጠብ ሲጀመር የምስሉ ቀለም ድንገት ይለወጣል፤ ፀሐዩ እንኳ ሌላ ይሆናል። ካሜራው ተቀይሯል፣ አገሩም ተቀይሯል። እኔ ይህን ዛሬ ለደንበኛ ባስረክብ መልሰህ ሥራው እባላለሁ።

በዚህም አላበቃም። ነጩ ሬንጀር በሁለተኛው ሲዝን ሲመጣ ደረቱ ላይ ጥቁርና ወርቃማ ነገር አለ። የሌሎቹ ደረት ላይ ነጭ የአልማዝ ቅርጽ ነው። የማይመሳሰሉት የነጩ ልብስ ዳይሬንጀር ከሚባል ሌላ የጃፓን ተከታታይ ስለተወሰደ ነው። የሁለተኛው ሲዝን ዞርዶችም ከዚያው የመጡ ናቸው። በ1994 ደግሞ ቀዩን፣ ጥቁሩንና ቢጫዋን የሠሩት ሦስት ተዋንያን በክፍያ ጉዳይ ለቀቁ። ምክንያቱ ምን ተባለ? ስዊዘርላንድ ውስጥ ለሚደረግ የሰላም ጉባኤ ተመረጡ ተባለ። ከአምስቱ ሦስቱ ተቀየሩና ተከታታዩ ቀጠለ። እኛም ማየታችንን ቀጠልን። ያኔ ልጅነቴን አበላሹት ያለ አልነበረም።

እንግዲህ የ2017ቱ ፊልም የጃፓኑን ወደ አሜሪካ ያመጣው ሰው ካደረገው የባሰ ምን አደረገ? ጥቁር ሬንጀሩን ዛክን እስያዊ፣ ሰማያዊውን ቢሊን ጥቁር አደረገ። ልብሱን ከጨርቅ ወደ ጋሻ ቀየረው። ይሄ ከ1993ቱ ለውጥ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም። ያኛው አገር፣ ቋንቋ፣ ታሪክና ጾታ ቀይሯል። እንደ አዲስ መሥራት የፓወር ሬንጀርስ አፈጣጠሩ ነው። ፊልሙን ጥሉት ካላችሁ ጥሉት፤ ግን «ዋናውን ስለነካ» አትበሉ።

«አድናቂዎች ስለጠሉት ከሰረ።»

ሌላው ከልክ በላይ የሚደጋገመው ይሄ ነው። ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ፊልም በተከፈተበት ምሽት ከሲኒማ የሚወጣውን ሰው ውጤት ያሰጣል። ለዚህ ፊልም ተመልካቹ ኤ ሰጠው። ገብቶ ያየው ሰው ወዶታል ማለት ነው። የተከፋፈሉት ሃያሲዎቹ ናቸው፤ ግማሹ ወደደው፣ ግማሹ ነቀፈው።

ችግሩ የገባው ሰው ቁጥር ነበር። ፊልሙ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አሜሪካ ውስጥ 40 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። በመላው ዓለም 142 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆመ። ብዙ ሰው 142 ከ100 ይበልጣል ብሎ ይከራከረኛል። ሲኒማ ቤቶቹ ግን ከትኬቱ ግማሽ ገደማውን ይወስዳሉ። የማስታወቂያ ወጪው ደግሞ ለብቻው ነው። ፊልሙ የወጣበት ሳምንትም ክፉ ነበር። የዲዝኒው ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት ከአንድ ሳምንት በፊት ወጥቶ ቤተሰቡን ሁሉ ጠራርጎ ወስዶት ነበር። አባት ልጆቹን ይዞ በወር ስንቴ ሲኒማ ይገባል?

«ከዚያ በኋላ ስሙ ሞተ» የሚሉትም አሉ። ፊልሙ በወጣ በዓመቱ፣ በ2018፣ ሃስብሮ የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ፓወር ሬንጀርስን ከሳባን በ522 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የሞተ ነገር በዚህ ዋጋ አይሸጥም። የቀረው ተከታዩ ፊልም ነው። ሳባን የስድስት ፊልም ታሪክ አስቦ ነበር። ከፊልሙ በኋላ የምትመጣዋ አጭር ትዕይንት ቶሚ ኦሊቨር የሚለውን ስም ጠርታ አረንጓዴ ጃኬት ታሳየናለች። እዚያው ቀረ። ይሄ እኔንም ይቆጨኛል።

«የድሮው ለልጆች ንጹሕ ነበር፤ አዲሱ አጨለመው።»

የድሮው በጊዜው ምን እንደተባለ ወላጆቻችንን ብትጠይቁ ጥሩ ነበር። በ1994 ኒውዚላንድ ውስጥ ጠብ ይበዛበታል ተብሎ ከቴሌቪዥን ወረደ። ካናዳ ውስጥም በዚያው ዓመት የብሮድካስት ደረጃ ምክር ቤት ጥቃቱ ከልክ አልፏል ብሎ ወሰነበት። የሚያስገርመው ከ2003ቱ ሲዝን ጀምሮ ተከታታዩ የሚቀረጸው እዚያው ኒውዚላንድ ነበር።

ደግሞም ጨለማውን የጠየቀው አድናቂው ራሱ ነው። በ2015 ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ካን ደም የሞላበት፣ ለአዋቂ የሚሆን አጭር የሬንጀርስ ፊልም በራሱ ሠርቶ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። አድናቂው እንዴት እንደጮኸለት አስታውሳለሁ። «እንዲህ ነው መሥራት!» ሲባል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ትልቁ ፊልም ትንሽ ጠቆር ሲል ያው ሰው «የልጆች ነገር ለምን አጨለሙት» አለ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል።

ይህን ስል ፊልሙ ለትንሽ ልጅ ይሆናል ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው ደረጃ ከ13 ዓመት በታች ላሉት ወላጅ እንዲያስብበት የሚል ነው፤ ልክ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለችው የበሬ ቀልድ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ የምትሰማ አይደለችም። ሪታ ከሰው አፍ የወርቅ ጥርስ ስትነቅል የሚያሳየውም ያስፈራል። የአክስቴ ልጅ «እኔም በልጅነቴ አይቼው የለ» ብሎ የስድስት ዓመት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ከፈተው። ልጁ ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም። አባትየው ያየው የድሮውን ነው፤ ይሄኛው ሌላ ነው። ለትንንሾቹ የድሮውን ክፈቱላቸው። አብራችሁ ተቀመጡ። ጠቡ ጨዋታ እንደሆነ፣ እህትን መርገጥ ግን እንደማይቻል ንገሯቸው። ከ13 በላይ ለሆኑት ፊልሙን ክፈቱ። የድሮውን ቀድመው እንዲያዩ አታስገድዷቸው፤ የእናንተ ትዝታ የእነሱ የቤት ሥራ አይደለም። ፊልሙ እየሄደም «በእኛ ጊዜ እንዲህ ነበር» አትበሉ። ከጨረሱ በኋላ የትኛውን ሬንጀር እንደወደዱ ጠይቋቸው። እኔ የጠየቅኳቸው አብዛኞቹ ቢሊ ነው ያሉት።

ስለ ቢሊ ደግሞ ትንሽ ልበል። በፊልሙ ቢሊ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ነው። «ኦቲዝሙን ለማስመሰል ነው የጨመሩበት» የሚሉ አሉና። ቅጣት ክፍል ውስጥ ቢሊ እርሳሶቹን ጠረጴዛው ላይ በቀለም ደርድሮ ተቀምጧል። አንዱ ጉልቤ ልጅ መጥቶ ያበላሽበታል፣ ይሰብርበታል። ቀዩ ሬንጀር የሚሆነው ጄሰን ተነስቶ ጉልቤውን በጥፊ ይለዋል። በኋላ ቢሊ ለጄሰን ስለ ራሱ ሲነግረው ምንም የሐዘን ሙዚቃ የለም፤ ተናግሮ ያልፋል። ልጇ ኦቲዝም ያለበት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ፊልም እንድታይ ነግሬያት ነበር። እርሳሶቹ ጋ ስትደርስ አቁማ ደወለችልኝ። «የእኔ ልጅ የጠርሙስ ክዳን ነው እንዲህ የሚደረድረው» አለችኝ። እንደ ልጇ ያለ ልጅ ከአምስቱ ሁሉ ተወዳጁ ጀግና ሲሆን ማየቷ ለእሷ ምን እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አልችልም። ያንን ያመጣው የድሮው ሳይሆን አዲሱ ነው።

ፊልሙ ጥፋት የለበትም አላልኩም። ልክ የሆኑ ቅሬታዎች አሉ። ሪታ የምትፈልገው፣ ከተወሰደ ዓለም የሚጠፋበት ክሪስታል የአንድ የዶናት ቤት ሥር ተቀብሮ መገኘቱ ግልጽ ማስታወቂያ ነው። የዶናት ቤቱ ስም ስንቴ እንደተጠራ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። የሪታ አገልጋይ ጎልዳር እንደ ድሮው የሚናገር ክፉ መሆኑ ቀርቶ የቀለጠ ወርቅ ክምር ሆኗል። ትልቁ ጥፋት ግን የጊዜ አከፋፈሉ ነው። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ይበልጣል። አምስቱም ልብሱን ለብሰው የሚዋጉት የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ገደማ ላይ ነው። እስከዚያ ልጁ ይጠብቃል፣ አባቱም ይጠብቃል። እሳት ዳር ተቀምጠው ምስጢራቸውን የሚነጋገሩበት ትዕይንት ከፊልሙ ሁሉ የምወደው ነው፤ አንድም ፍሬም አልቆርጥበትም። ከፊቱ ካለው ሥልጠና ግን አሥር ደቂቃ አውጥቼ የመጀመሪያውን ለውጥ ወደ መሃል አመጣው ነበር። ቀዩ ሄልሜት ፊልሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቢዘጋ፣ የሲኒማው ወንበር ላይ የተቀመጠው የሠላሳ ዓመት ሰውም ያን ጊዜ ልጅ ሆኖ ይጮህ ነበር። ቀጣዩን የሚሠራው ሰው ከአድናቂው አንድ ነገር መስማት ካለበት ይህንን ይስማ።